አልሳብ ያለው ቀበቶ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጂንካ ሆስፒታል ወደ ቤት ሊወስደኝ በመኪናው መጥቶ፣ ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩና የወንበሩን ቀበቶ ስስበው ቀጭ ብሎ ያዘብኝ። ለቀቅ አድርጌ ደግሜ ሳብኩት፤ ደግሞ ቀጭ። "ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ እማ" ቢለኝ፣ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ነገር በማይመጥን ቁጣ "ቀስ ማለትን ለእኔ አታስተምረኝ" ብዬ ኩም አደረግኩት። ምስኪን፣ ያን ያህል ያናደደኝ የእሱ ቀበቶ አለመሆኑን በምን ይወቅ። የጨርቁ አቧራ አቧራ የሚል ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ሆኖ፣ ጣቶቼ በነጭ ጋዝ ርሰው፣ የማይሳብ ነገር እየሳብኩ ነበር።

ያችኛዋ መኪና ቀይ ነበረች፤ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ስፖርት መኪና። አባዬ በሹፌርነት ያገለግለው የነበረ አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ በበጋ በጭነት መኪና አስጭኖ ያመጣት ሲሆን፣ ትልልቁ መኪና እንኳ የሚያቃስትበትን የእኛን መንገድ በእሷ ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አብዮቱ መጥቶ ሰውዬው በሁለት ሻንጣ አውሮፕላን ሲሳፈር ቁልፉን ለአባዬ ሰጠው፤ ከቁልፉም ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ። እንዲህ ሆኖ ምሳው ጎደሬ፣ ራቱ ቦዬ የሆነ የአሪ ቤተሰብ በከተማው ማንም የሌለው ዓይነት መኪና ባለቤት ሆነ፤ ጎረቤት ሲቀናብን እኛ ስንገፋት ኖርን።

አዎ፣ ስንገፋት። ባትሪዋ የሞተው ገና በጠዋቱ ነው፤ አዲስ ባትሪ ደግሞ ከአዲስ አበባ አዝዞ አውሮፕላን መጠበቅ እንጂ ጂንካ ውስጥ አይገኝም። ባትሪ የሌለው ሰው ያኔ የሚያደርገው የታወቀ ነበር፤ ቁልቁለት ይፈልግና አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማታል፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል፣ መነሳት ሲፈልግ ድንጋዩን አንስቶ፣ ከኋላ አስገፍቶ፣ ቁልቁል እየተንደረደረ ያስነሳታል። አባዬ በዚህ ተክኖ ነበር። ገበያ ቢሄድ፣ ለቅሶ ቢሄድ፣ መጀመሪያ የሚያየው ቁልቁለቱ ወዴት እንደሆነ ነው፤ የቤታችን ደጃፍማ ፍየል የሚያዳልጥ ስለሆነ፣ መኪናዋ ወንዝ ወርዳ ውሃ እንደምትጠጣ ላም ዘወትር አንገቷን ደፍታ ቆማ ነው የማስታውሳት።

እማዬ መኪና አትወድም ነበር። ታናሽ ወንድሟ በሚሄድ መኪና ውስጥ ሳለ በሩ ተከፍቶ ወድቆ ነው የሞተባት። ስለዚህ ቀይዋ መኪና የእኛ በሆነች ዕለት አባዬን "አንተ እንደፈለግክ ሁን፤ ልጆቼ ግን በቀበቶ ሳይታሰሩ እዚያች ውስጥ አይገቡም" አለችው፤ አባዬም እሺ አለ። እሺ ማለት ለሌላ ሰው ቀላል ነው። አባዬ ግን አብዮቱ ጸሎት ቤታችንን ካዘጋ በኋላ እንኳ የተጣላ ሁሉ ለዕርቅ የሚፈልገው ሽማግሌ ነበርና፣ አንዴ እሺ ካለ ሞቶ ይገኛል እንጂ ቃሉን አያጥፍም። ቀበቶው ደግሞ አልሳብ አለ።

ቀበቶው ከበሩ ኋላ ባለች ትንሽ የብረት ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ይኖራል። ሲስቡት ስንዝር ያህል ይወጣና ቀጭ፤ ከዚያ በኋላ አሥር ሰው ቢጎትተው ንቅንቅ አይልም። አባዬ በየበጋው አንድ ሁለት ቀን ይታገለውና ይተወዋል፤ እኛም ዓመት እስኪያልፍ በመስኮቷ እያየን እንጠብቃለን። እንዲህ እንዳለን፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ የታላቅ ወንድሜ የማቴዎስ ስም ለብሔራዊ ውትድርና ከተመለመሉት ጋር ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የተሰጠው አንድ ሳምንት ነበር።

ማቴዎስ ድግስ አልጠየቀም፣ ልብስም አልጠየቀም። "አባዬ፣ በገበያ ቀን ካኮ ሄደን አያቴን ልሰናበተው፤ በእኛ መኪና" ነው ያለው። ያችን መኪና ከልጅነቱ ጀምሮ ሲገፋ የኖረ እሱ ነው፤ ስትሄድ ጀርባዋን እንጂ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ከውስጧ ሆኖ አይቶ አያውቅም። እማዬ ግን በዚያች ሳምንት እንኳ አልተበገረችም። "ወንድሜን በልቶብኛል፤ ልጄን አልደግምለትም" አለች። ማቴዎስ ሳቀና "እማዬ፣ እኔ እኮ የምሄደው ጦር ሜዳ ነው። እዚያ ቀበቶ የሚያስርልኝ አለ?" ቢላት፣ ፊቷን አዙራ አለቀሰች እንጂ እሺ አላለችም። ያኔ ክፉኛ ተናደድኩባት። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያች ሳምንት እምቢ ማለት የምትችለው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቀበቶው በአምስት ቀን ውስጥ መሥራት ነበረበት። አባዬ የብረት ቤቷን ከፍቶ በነጭ ጋዝ አጠባት፤ ዘይት ቀባት፤ እንደገና ገጠማት፤ ሳበ፤ ቀጭ። ምናልባት ጨርቁ ቆሽሾ ይሆናል ብለን በሳሙና አጥበን አጥሩ ላይ አሰጣነው፤ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ደረቀና ቀጭ። ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ፣ አባታቸው ከሰሜን መጥተው ጂንካ የቀሩ ልብስ ሰፊ፣ የተተረተረውን ጠርዝ በስፌት መኪናቸው ሰፍተው "አሁን ቅቤ ነው የሚሆነው" ብለው ሰጡን፤ ቀጭ። ሦስተኛው ቀን ላይ ውስጡ ያለው ጥቅልል ሽቦ ከአባዬ እጅ አምልጦ ጣቱን ቀደደውና፣ በጨርቅ ጠቅልሎት ሽቦውን መልሶ ሲያስገባ አመሸ። ጋሽ ደምሴ ተስፋ ቆርጠው "በጠፍር ጥፍር አድርገን እንሰረውና ይሂድ እንጂ" ሲሉ እማዬ ከጓዳ ሆና "ልጄ ጆንያ አይደለም" አለቻቸው። አባዬ ተሳድቦ የማያውቅ ሰው ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ቀበቶውን በአሪኛ ምን ምን እንዳለው ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ።

መጽሐፉን የማነበው እኔ ነበርኩ፤ በቤታችን እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ካለ እኔ ዘንድ ነበር። የቀበቶው ሥዕል ካለበት ገጽ ሦስት መስመር ተርጉሜ ሰጠሁት፤ ሳይጣመም ይሳብ፣ በቀስታ ይሳብ፣ ንጹሕ ይሁን። ገጹ ሲገለጥ ከኋላው ጉንዳን ጉንዳን የሚያካክሉ ፊደላት ታጭቀው ነበር። መሸት ብሏል፣ ጓደኞቼ ከአጥሩ ውጭ ይጠሩኛል፣ መዝገበ ቃላት ማገላበጡ ደግሞ አንገፍግፎኛል። አባዬ የተጠቀለለ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ "ሌላስ ምን ይላል?" አለኝ።

"ሌላ ምንም አይልም" አልኩት።

የገበያው ቀን ደረሰ። ማቴዎስ ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ ለብሶ ከጠዋት ጀምሮ ደጃፋችን ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጧል፤ አባዬ መኪናዋ ውስጥ ተንበርክኮ ይስባል፣ ይለቃል፣ ይስባል። ወደ ካኮ የሚሄደው ሰው ሄዶ፣ የሚመለሰው መመለስ ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማቴዎስ ተነስቶ የአባዬን ትከሻ ያዘ አድርጎ "ተወው አባዬ፤ ስመለስ እንሄዳለን" አለው። በማግስቱ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ክፍት የጭነት መኪና ላይ ጫኗቸው። ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ነበር የሄዱት፤ እማዬም እዚያው ቆማ እያየች ነበር።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ታዝዞ ተረስቶ የነበረው ባትሪ በአውሮፕላን መጣ። አባዬ ከባዱን ነገር ተሸክሞ አቀበት ከሚወጣ ብሎ መኪናዋን አስገፍቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አወረዳት፤ ላሞች በሚግጡበት፣ በከተማችን እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ባትሪውን ሲያስር እኔ በቀኝ ወንበር ተቀምጬ፣ እጄ እንደለመደው ቀበቶውን ሳብኩት። መጣ። እስከ ደረቴ፣ እስከ ወገቤ፣ እስከ መጨረሻው ያለ ምንም ድምፅ መጣና መቆለፊያው ውስጥ ገባ። አባዬ ክዳኑን ዘግቶ ቀና ሲል ታስሬ አየኝ። መጥቶ በሩን ከፈተ፣ ፈታኝ፣ ሳበ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ሳበ። "ምን አገኘው?" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። በአዲሱ ባትሪ አስነስቶ ወደ ቤት ወጣንና ከልምዱ የተነሳ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ አቆማት። ከመውረዱ በፊት ቀበቶውን ሳበው። ቀጭ።

አባዬ ቀበቶውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ "መጽሐፉ ይህን አይልም ነበር?" ሲለኝ "አይልም" አልኩት። ያን ዕለት ብቻዬን ሆኜ ጉንዳኖቹን አነበብኳቸው። መኪናው ቁልቁል ሲደፋ ቀበቶው ራሱን ይቆልፋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው ነው፤ ለተሳፋሪው ደኅንነት ነው ይላል። እኛ በአምስት ቀን ትግል ልንሰብረው የፈለግነው ጤነኛ ነገር ነበር። ድንጋዩን አንስተን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ብናወርዳት ኖሮ ማቴዎስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ካኮ ገበያ መሃል ያልፍ ነበር።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት፣ ከየግንባሩ የተበተኑት ልጆች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ጂንካ ገቡ። እማዬ የመጣውን ሁሉ እየዞረች ጠየቀች፤ አንደኛው፣ ከማቴዎስ ጋር የነበረ ልጅ፣ ጫማውን እያየ እውነቱን ነገራት። ለቅሶው ካበቃ በኋላ አንድ ቀን ሦስታችን ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ ድንገት "ያ ቀበቶ ግን በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር?" አለች።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አባዬ፣ በሕይወቱ ሙሉ ቃሉን አጥፎ የማያውቅ ሰው፣ ወደ እሷ ዞሮ እጇን ያዘና "ተበላሽቶ ነበር። ማንም ሊጠግነው አይችልም ነበር" አላት። ከዚያ እኔን አየኝ፤ በዚያ አስተያየቱ ስለ መጽሐፉም እንደሚያውቅ፣ ምናልባትም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቅ ገባኝ። እማዬ ራሷን ነቀነቀች፣ ተነፈሰች፣ በዚያችም ሌሊት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛች። ሁለቱም አሁን የሉም። እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ የምነግረው ሰው ግን የለኝም።