የላሟ ጆሮ ያለበት ፎቶ

ባለቤቴ ሲሞት ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ጠፋ። መኖሩስ ነበር፤ የፓስፖርቱ፣ የመንጃ ፈቃዱ፣ የልጃችን ምረቃ። ግን በሁሉም ላይ ፖሊስ ያስቆመው ይመስላል። ካሜራ ሲያይ ፊቱን ይቋጥር ነበር። ሰው ያንን የተቋጠረ ፊት እያየ እንዲያለቅስለት አልፈለግሁም፤ የኔ ሰው እንደዚያ አልነበረም። የሳቀበት ፎቶ አንድ ብቻ አለ፤ በእሱም ላይ ራቁቱን ነው።

እዚህ አሜሪካ፣ በምንኖርበት ዌስት ሴንት ፖል፣ ጎረቤታችን የሆነች ፈረንጅ ፎቶ አንሺ አለች። ራቁት ሰውን ከከብት ጋር እያነሳች ሰው ታስቃለች። እሷ ጥበብ ትለዋለች፣ እኔ እብደት። ባለቤቴ ከብት ያውቃልና ላሞቹን እንዲያረጋጋላት አንድ ቅዳሜ ሁለታችንንም ወደ አንድ እርሻ ይዛን ሄደች። ሊነሳ የመጣው ሰውዬ ልብሱን አውልቆ ገና መሃላቸው ሲገባ አንዷ ላም ጀርባውን ላሰችው። እየጮኸ ወደ መኪናው ሮጠ፤ አልመለስም አለ። ሴትዮዋ ልታለቅስ ደረሰች።

«እኔ ልቀመጥላት» አለ የኔ ጉድ።

«አብደሃል? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይደለህ እንዴ?»

«ላሞቹ መሃል ማን ያውቀኛል?»

ልብሱን አስታቀፈኝ። የእሁድ ባርኔጣውን ብቻ አስቀርቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚሸፈነውን ሸፈነ። ላሞቹ ከበቡት። እኔ ዓይኔን በነጠላዬ ጋረድኩ፤ ግን በስስ ጨርቁ አሻግሬ አያለሁ። እንደማየው ነቃብኝና ከት ብሎ ሳቀ። ሴትዮዋ ያኔ አነሳችው።

ከዚያ ወዲህ በሽታው መጣ፤ እንደዚያ ሲስቅ ዳግመኛ አላየሁትም።

«ማም፣ ዶንት ወሪ፣ ክሮፕ አደርገዋለሁ» አለችኝ ልጄ። ከአንገቱ በታች ያለውን ቆረጠችው። ባርኔጣው አጠገብ የላሟ ጆሮ ቀረ። ላጥፋው ስትለኝ ተይው አልኳት። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለ ፎቶ ቤት ወስዳ በትልቁ አሳተመችው።

ለቀስተኛው ፎቶውን እያየ አለቀሰ። የላሟን ጆሮ ያስተዋለም እንዳላየ አለፈ፤ በለቅሶ ቤት ስለ ላም ማን ይጠይቃል? ሰው ሲያለቅስ እኔ እንባዬ ደርቆ ተቀምጫለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አንዲት እናት ግን ፎቶው ፊት ቆመው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ምን አይቶ ነው እንዲህ የሳቀው?»

«እኔን» አልኳቸው፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ።