የአባባ ነጭ ክኒን

አባባ በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የዕቃ መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነበሩ። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የቡና ጆንያም ሆነ የቆዳ እስር በእሳቸው ሚዛን ሳያልፍ ፉርጎ ላይ አይወጣም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በአንድ ጠባብ ግቢ ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል እሠራለሁ፤ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው።

አንድ የሚያዝያ ጠዋት የአባባ ጫማ አልገባ አለ። ተንበርክኬ ላግዛቸው ብል እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ጉድጓዱ ሊጥ ላይ እንደተጫኑት ሆኖ ቀረ።

«ሙቀቱ ነው» አሉኝ።

«አባባ፣ የድሬ ሙቀት ዛሬ ነው እንዴ የጀመረው?»

ብጨቀጭቃቸው ጊዜ ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተሩ የግሪክ ተወላጅ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። አባባ እንደ ጣቢያው ሰው ሁሉ ፈረንሳይኛ ስለሚያውቁ ሁለቱ በፈረንሳይኛ ተያያዙት። ዶክተሩ ክንዳቸውን በጨርቅ አስረው ደማቸውን ለኩ፣ ደረታቸውን አዳመጡ፣ ከዚያ ጣታቸውን እያወዛወዙ ረጅም ነገር ተናገሩ። እኔ አንድ ቃል አልገባኝም።

«ምን አሉ?» አልኳቸው ስንወጣ።

«ደሜ ከፍ ብሏል፣ ሰውነቴም ውሃ ቋጥሯል። በቀን አንድ ነጭ ክኒን። አለቀ።»

ያን ሁሉ ሰዓት የተወራው ይህ ብቻ መሆኑ ቢገርመኝም አመንኳቸው። ክኒኑ ቶሎ ሠራ። በአራተኛው ቀን ጫማቸው ገባ፤ ፊታቸውም ቀለል አለ። እኔም ነገሩን ረሳሁት።

የረሳሁት ግን አንድ ነገር ሳላውቅ ነው። ክኒኑ ሽንት ያበዛል። የመጋዘኑ ሽንት ቤት ደግሞ ከሐዲዱ ማዶ ነው። አባባ በሰዓት ሦስት ጊዜ ሚዛኑን ጥለው ሐዲድ ሲሻገሩ ጆንያ ተሸካሚዎቹ ይሳሳቁባቸው ጀመር። ኩሩ ሰው ነበሩና አልቻሉትም። ስለዚህ በሥራ ቀን ክኒኑን ተዉት። እሑድ እሑድ ቤት ሲውሉ ያለፈውን ለማካካስ ሦስቱን፣ አራቱን ባንዴ ይውጣሉ። እብጠቱን የሚያመጣው ውሃ ነው ብለውም መጠጣቱን ቀነሱ፤ በዚያ ሐሩር! ማታ ማታ ባታቸውን ቁርጥማት ሲይዛቸው «እርጅና ነው» ይሉኝና እኔም በቅባት አሽላቸው ነበር።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ አለቃዬ ከማሽኑ ጠራኝ። «አባትሽ ወድቀዋል፤ ሐኪም ቤት ናቸው።» እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጎንበስ ብለው የጆንያ ምልክት ሲያነቡ ቆይተው ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ጨልሞባቸው ነው የወደቁት። እነዚያው የሳቁባቸው ተሸካሚዎች በዕቃ ጋሪ ላይ አስተኝተው፣ በራሳቸው ኩታ ከፀሐይ ከልለው፣ እየሮጡ አድርሰዋቸዋል።

ዶክተሩ የአባባን ምላስ አዩ፤ ደርቋል። ደማቸውን ለኩ፤ ከመጠን በላይ ወርዷል። «ስንት ዋጡ?» ሲሏቸው አባባ በፈረንሳይኛ መመለስ ጀመሩ።

«አይሆንም!» አሉ ዶክተሩ። «በአማርኛ! ልጅዎ ትስማ።»

አባባ ኮርኒሱን እያዩ ተናዘዙ። እኔ መናደድም ማልቀስም አማረኝ። ዶክተሩ ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና በተሰባበረ አማርኛቸው አንድ በአንድ ነገሩኝ። ክኒኑ በቀን አንድ ነው፣ ጎህ ሲቀድ፤ ሥራ እስኪገቡ ሽንቱ ጋብ ይላል። የተረሳ ተረስቷል፤ በማግስቱ ሁለት መዋጥ የለም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸው ክኒኑን አቁመው ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይምጡ። ሲጠማቸው ይጠጡ። ከተኙበት ሲነሱ መጀመሪያ ቁጭ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቆም። የወጥ ጨው ይቀነስ።

«ክኒኑ ውሃውን ሲያወጣ ለጡንቻና ለልብ የሚያስፈልገውንም ይዞ ይወጣል» አሉኝ። «ቁርጥማቱ ከዚያ ነው። ኩላሊታቸው ደህና ስለሆነ ሙዝና ብርቱካን ይብሉ። ደማቸውንም በየጊዜው እንመረምራለን። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ። በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ወይም ከቀነሱ አምጪያቸው።»

«እኛ ሚዛን ከየት እናመጣለን?» አልኩ ተጨንቄ።

ዶክተሩ አባባን አዩ፤ አባባ እኔን አዩ። ከዚያ አባባ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሦስታችንም ሳቅን። ሃያ ዓመት ሙሉ የአገሩን ቡና የመዘኑ ሰው!

ከዚያ ወዲህ ተሸካሚዎቹ አባባን እንደ ጆንያ ሚዛን ላይ አቁመው ኪሏቸውን ማንበብ የጠዋት ጨዋታቸው አደረጉት። «ዛሬ ሰባ አንድ! ሙሉ ነው፣ ይጫን!» ይላሉ። አባባም ቅር አይላቸውም ነበር። ቅር ያላቸው የጨዉ ነገር ነው፤ ወጡን ቀምሰው «ይሄ የሆስፒታል ምግብ ነው» እያሉ ሁለት ወር አጉረመረሙብኝ። ሎሚና ሚጥሚጣ ጨምሬ አለማመድኳቸው።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ ጎረቤታችን፣ የእኔ እኩያ የሆነች ሶማሌ ሴት፣ የበኩር ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ባሏ ባቡር ላይ ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ናት። አንድ ቀን እግሯ አብጦ፣ እጇም አብጦ መጣችና ደጃፋችን ላይ ተቀመጠች።

«አቦ አባባ፣ ከዚያ ክኒን አንዷን ስጡኝ። የእርስዎን እግር አድርቆ የለ?»

አባባ ክኒኑ ወዳለበት ሣጥን ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣቸውን አነሡ። «አልሰጥሽም።»

«አንዲት ክኒን ይሰስቱብኛል? ወላሂ አልጠበቅኩም!»

«ልጄ፣ ይህ ክኒን እኔን ራሴን ጥሎኛል። የአንቺ እብጠት ከምን እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? ተነሺ፣ አብረን እንሂድ።»

ተቀይማ ልትመለስ ስትነሣ ግንባሯን ያዘች። «ራሴን እያመመኝ ነው፤ ዓይኔም ብዥ ይልብኛል» አለች። አባባ ጋሪ ጠርተው ተሳፈርን። ዶክተሩ ደሟን ሲለኩ ፊታቸው ተለወጠ፤ ከእርግዝናው የመጣ የደም ግፊት ነበር። «ክኒኑን ሳትሰጧት ወደዚህ ማምጣታችሁ ደግ ነው» አሉና የዚያኑ ቀን አስተኟት። እኔም ከፋብሪካ እየወጣሁ ምግብ አመላልስላት ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ትንሽ ግን ጤነኛ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ወደ ቤት የገባች ዕለት ባሏ ከጉዞ ተመልሶ የእኛም ግቢ በሰው ሞላ። እሷ ሰውን ሁሉ አልፋ ሕፃኗን ወስዳ አባባ ጉልበት ላይ አስቀመጠቻት። «ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው፤ አባባም እጃቸውን አወዛውዘው ዝም አሰኟት። ሕፃኗ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። እንግዳው ተበትኖ እኔ የታጠበውን ልብስ ከገመድ እስካወርድ ድረስ አባባ ከግቢያችን የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሳይነቃነቁ ተቀምጠው ነበር። ሻይ ባቀርብላቸውም «ቆይ፣ ትነቃብኛለች» ብለው በዓይናቸው ወደ ውስጥ መለሱኝ።