ሞት ያልተጻፈበት ዓመት

ሰፈር ውስጥ «ቆጣሪዋ» ነው የሚሏት። የስሙን አመጣጥ የማያውቅ አንድ አዲስ ተከራይ የመብራት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መስላው በሯን አንኳኩቶ፣ «እትዬ፣ ቤታችን ከጨለመ ሁለት ቀኑ ነው፤ እባክዎ ቆጣሪውን ይዩልን» ብሏት ያውቃል። እሷም ፊቷን ሳትፈታ፣ «እኔ የምቆጥረው የሚበረውን ነው፤ በሽቦ ለታሰረው ሌላ ሰው ፈልጉለት» ብላ ሸኘችው።

የምትቆጥረው ወፍ ነበር። ከከተማው ዳር ባለው ጥብቅ ደን ውስጥ መቶ አርባ የእንጨት ሳጥኖች በዛፍ ግንድ ላይ ተሰቅለዋል። እያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ አለችው፤ በዛፍ ንቃቃት ውስጥ መፈልፈል የሚወዱ ትንንሽ ወፎች በዚያች ገብተው ጎጆ ይሠራሉ። መራባት ከሚጀምሩበት ሳምንት አንስቶ የመጨረሻዋ ጫጩት እስክትበር ድረስ፣ ቆጣሪዋ መሰላሏን ተሸክማ ሳጥኖቹን በየሳምንቱ ታዳርሳለች። ክዳኑን ከፍታ ታያለች፤ ስንት እንቁላል አለ፣ ስንቱ ተፈለፈለ፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ በረረ። ላባ ላወጡት ጫጩቶች ቁጥር የተቀረጸበት ቀጭን ቀለበት እግራቸው ላይ ታስራለች። ያየችውን በእርሳስ ትጽፋለች። ይህን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠራች።

ሳጥኖቹን የሠራው የደኑ መሥሪያ ቤት አናጺ ነበር፤ ኋላ ባሏ ሆነ። የተዋወቁትም በሳጥን ነው። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ወር አንዱን ሳጥን አቅፋ ወደ አናጺው ክፍል ገባችና፣ «ክዳኑ አይገጥምም» አለችው።

«ክዳኑስ ይገጥማል። ገልብጠሽ ይዘሽው ነው» አላት፣ ቀና ሳይል።

እውነትም ገልብጣ ይዛው ነበር። እሷ ቀድማ ሳቀች። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሴት ልጅም ወለዱ።

በሥራዋ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ ጫጩቶቹ ገና ከእንቁላል በሚወጡበት ሰሞን፣ አናጺው ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ። በአውቶቡስ አራት ሰዓት ወደሚያስኬድ ሆስፒታል ተላከ። ቆጣሪዋ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ለእህቷ ትታ ልትከተለው ፈቃድ ስትጠይቅ፣ የዚያን ጊዜው ኃላፊ፣ «ሂጂ፤ መዝገቡ ግን እንዳይጎድል» አላት። እንዴት ሳይጎድል እንደሚቀር አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከእሷ ሌላ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ከባሏ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። በሁለተኛው ሳምንት አገሩን ሁሉ ያዳረሰ፣ ብርድ የቀላቀለ ዝናብ ጀመረና ስድስት ቀን ሙሉ አላባራ አለ። እንዲህ ያለ ዝናብ ትሉን ከቅጠሉ ላይ ያጥበዋል፤ ወፎቹ ለልጆቻቸው የሚያጎርሱት ያጣሉ፤ ላባ ያላወጣ ጫጩት ደግሞ ብርድ አይችልም። ቆጣሪዋ በሆስፒታሉ መስኮት እያየችው ደኑ ውስጥ ምን እያደረገ እንዳለ ታውቅ ነበር። ባሏም ያውቅ ነበር።

«ሳጥኖቹን ማን እያየልሽ ነው?» አላት አንድ ቀን ጠዋት።

«ሰው ተክቻለሁ» አለችው።

«ጥሩ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ነርሷ ግሉኮሱን ልትቀይር ስትገባ ትንፋሹ ቆሞ አገኘችው። ቆጣሪዋ እጁን እንደያዘች ነበር፤ የተኛ መስሏት።

ቀብራው በሳምንቱ ደን ገባች። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። በብዙዎቹ ውስጥ ጫጩቶቹ እርስ በርስ እንደተጠጋጉ ደርቀዋል። እያወጣች ቅጠል ሥር ቀበረቻቸው እንጂ አልቆጠረቻቸውም። ቢሮ ተመልሳ መዝገቡን ስትገልጥ አራቱ ሳምንት ባዶ ነው። እርሳሷን ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ባዶዎቹን መስመሮች ከራሷ እየፈጠረች ሞላች፤ «ሞተ» በሚለው ሥር ዜሮ፣ «በረረ» በሚለው ሥር የጫጩቶቹን ብዛት በሙሉ፣ ያላሰረችላቸውን የቀለበት ቁጥር ጭምር አሰፈረች።

ኃላፊው ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «ጎበዝ፣ ምንም አልጎደለም» አለና ፈረመ።

ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ሆድም ሊፈጀው አልቻለም። በየዓመቱ ያ ሰሞን ሲደርስ የዚያን ዓመት መዝገብ ከቁም ሳጥኑ ታወጣዋለች፤ ሳትገልጠው ትመልሰዋለች።

ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ሲቀራት አንዲት ተመራማሪ መጣች። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ፈጥና የምትናገር፣ ሻይዋን ረስታው ከቀዘቀዘ በኋላ የምትጠጣ ሴት ናት። የሁሉንም ዓመታት መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገባ ወራት ፈጀባት። ያልገባትን ሁሉ ስለምትጠይቅ ቆጣሪዋ ወደደቻት። አንድ ከሰዓት በኋላ ተመራማሪዋ ወንበር ስባ፣ «እትዬ፣ ይምጡና ይህን ይዩ» አለቻት።

ስክሪኑ ላይ በየዓመቱ የበረሩትን ጫጩቶች ብዛት የሚያሳይ አንድ መስመር ከፍ ዝቅ ይላል። ብርዳማ ዝናብ በጣለባቸው ዓመታት ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። ከሁሉ በከፋው በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ግን ሽቅብ ወጥቷል።

«ተአምር ነው» አለች ተመራማሪዋ። «በደኑ ላይኛው ክፍል ባሉት ያረጁ ዛፎች ላይም፣ በታችኛው በተተከሉት ወጣት ዛፎች ላይም ጫጩቶቹ እኩል ተርፈዋል። እንግዲህ ወፎቹ ያረጁትን ዛፎች የግድ አይፈልጉም ማለት ነው። ለኃላፊው ነግሬያቸው በጣም ነው ደስ ያላቸው።»

ደስ ያለውም በምክንያት ነበር። አዲሱ ኃላፊ ያረጁትን ዛፎች አስቆርጦ በቦታቸው ለገበያ የሚሆን ችግኝ ለመትከል ከተነሳ ቆይቷል። የተመራማሪዋን ሪፖርት ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

ቆጣሪዋ፣ «እስቲ ይሁን» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ልጇ አሁን ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እራት ላይ ቆጣሪዋ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ጡረታሽ ደርሷል። ለምን በገዛ እጅሽ ስምሽን ታጠፊያለሽ?»

«ዛፎቹን ሊቆርጧቸው ነው።»

«አንቺ ብትናገሪም ሊቆርጧቸው ይችላሉ።»

«ይችላሉ። በእኔ ውሸት ግን አይሁን።»

ልጅቷ፣ «ባዶውን ብትተዪውስ ምን ነበረበት? ለምን በረሩ ብለሽ ጻፍሽ?» አለች።

«አባትሽን ቀብሬ መምጣቴ ነበር» አለች እናቷ። «ሞተ ብዬ ልጽፍ ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ስለዚያ ሰሞን ሁለቱ አውርተው አያውቁም። ልጅቷ ሳህኖቹን አነሳችና ከማጠቢያው አጠገብ ቆማ፣ «ነገ አብሬሽ ልምጣ?» አለች።

«አይ። ይሄ የብቻዬ ነው።»

በማግስቱ ተመራማሪዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከደነችው።

«ሌላስ ዓመት አለ?»

«የለም።»

«እንዴት ልመንዎት?»

ከሁሉ የከበዳት ይህ ጥያቄ ነበር። «አትመኚኝ፣ ልጄ። መርምሪኝ። ቀለበቶቹ አሉልሽ።»

በጫጩትነታቸው ቀለበት ከታሰረላቸው ወፎች ጥቂቶቹ በተከታዮቹ ዓመታት ሊፈለፍሉ ወደ ደኑ ይመለሳሉ፤ ያኔ የእግራቸው ቁጥር እንደገና ይነበባል። በሌሎች ቦታዎች ያሉ የወፍ ተመራማሪዎችም የያዟቸውን ወፎች ቁጥር ጽፈው ይልካሉ። ተመራማሪዋ እነዚህን ሁሉ ከቆጣሪዋ መዝገብ ጋር ልታመሳክር ስድስት ሳምንት ጠየቀች።

እነዚያ ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ ጠራትና፣ «እርስዎን የመሰለ ሰው!» አላት፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ሰጣት። የመዝገቡ ቁም ሳጥን ቁልፍ ተወሰደባት። ሁልጊዜ ጠዋት «እትዬ፣ ዛሬስ ስንት ተወለደልን?» እያለ የሚቀልድባት ሹፌር ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ማለፍ ጀመረ። እሷ መሰላሏን ተሸክማ ሳጥኖቹን ማየቷን አልተወችም። ያየችውን በብጣሽ ወረቀት እየጻፈች ተመራማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥ ነበር።

ምርመራው አለቀ። የሃያ ስምንቱ ዓመታት ቁጥር ከቀለበቶቹ ጋር ገጠመ። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ተወልደው «በረሩ» ከተባሉት ግን አንድም የተመለሰ አልተገኘም። ዓመቱ ከሪፖርቱ ወጣ። እሱ ሲወጣ ሌላው ነገር ጠራ፤ በብርዳማ ዓመታት ከወጣቶቹ ዛፎች ይልቅ በአሮጌዎቹ ላይ ያሉት ጫጩቶች ነበሩ በብዛት የሚተርፉት።

ኃላፊው ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ አልተወም። ተከራከሩ፣ ደብዳቤ ተጻጻፉ። በመጨረሻ ደኑን ከሚያቋርጠው መንገድ ወዲህ ያሉት አሮጌ ዛፎች ተቆረጡ፤ ከመንገዱ ወዲያ ያሉት ተረፉ። ቆጣሪዋ መጋዙ ሲጮኽ በዋለበት ሳምንት ያለ ስንብት ዝግጅት ጡረታ ወጣች።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በአንድ የእረፍት ቀን ጠዋት፣ ተመራማሪዋ የታተመውን ሪፖርት ይዛ ቤቷ መጣች። አንዱን ገጽ ከፍታ በጣቷ አሳየቻት። «የአሥራ ሁለተኛው ዓመት መረጃ በቆጣሪዋ ጥያቄ ተሰርዟል» ይላል።

«በጥያቄዬ ማለትሽ ደግ ሆነሽ ነው» አለች ቆጣሪዋ።

«የሆነው እሱ ነው፣ እትዬ።» ተመራማሪዋ ደብተሯን አወጣች። «ቁጥሩ እንደጠፋ ጠፍቷል። ያዩትን ግን ቢነግሩኝ፣ ትዝታ ብዬ ለብቻው እጽፈዋለሁ። የሚያስታውሱትን ያህል ብቻ።»

ቆጣሪዋ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ጀመረች። የትኞቹ ሳጥኖች ውስጥ እንዳገኘቻቸው፣ እንዴት ተጠጋግተው እንደነበር፣ የትኛው ሳጥን ውስጥ አንዲት እናት ወፍ ከልጆቿ ጋር እንደቀረች ተናገረች። የማታስታውሰው ላይ ስትደርስ «አላስታውስም» አለች። ከዚያ ተመራማሪዋ ሳትጠይቃት ስለ ሆስፒታሉ መናገር ቀጠለች፤ ስለ ዝናቡ፣ ባሏ ስለጠየቃት ጥያቄ፣ ስለዋሸችው ውሸት። ተመራማሪዋ መጻፏን አቆመች። ልጇ ከጓዳ ወጥታ የበሩን መቃን ተደግፋ ትሰማለች። የአባቷን የመጨረሻ ቀናት ከእናቷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ቆይታ መጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።