እትየ ዘነበችና አራቱ ሯጮች

ዘነበች ይመር ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው። ቁመቷ አጠር፣ እርምጃዋ ፈጠን ያለ ነው። ባልዲዋን አንጠልጥላ ግቢውን ስታቋርጥ ተማሪዎቹ «እትየ ዘነበች፣ ማን አባረረዎ?» ይሏታል። «ደወሉ!» ትላቸዋለች ሳትቆም።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ቢሮ ውስጥ አንድ የዋንጫ መደርደሪያ አለ። አብዛኞቹ ዋንጫዎች የረጅም ርቀት ናቸው፤ የሦስት ሺህ፣ የአምስት ሺህ፣ የአገር አቋራጭ። በዚያ አገር ሩጫ ሲባል ረጅሙ ነው። አጭሩን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በተለይ የሴቶቹ አራት ጊዜ መቶ ሜትር ዱላ ቅብብል የትምህርት ቤቱ መሣቂያ ሆኖ ነበር፤ አንድ ዓመት ዱላው ወደቀ፣ በዓመቱም ወደቀ፣ በሦስተኛው ዓመት ከመስመር ውጭ ተቀባብለው ተሰረዙ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጥር ላይ፣ ዘነበች የዘጠነኛ ክፍልን መስኮት እየወለወለች ወደ ሜዳው ትመለከት ነበር። ልጆቹ ይለማመዳሉ፤ ዱላው ይወድቃል። እንደገና ይሞክራሉ፤ እንደገና ይወድቃል። በሦስተኛው የስፖርት መምህሩ ሞገስ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ሞገስ ከነፋስ መውጫ የመጣ፣ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ዘነበች እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘች ወረደች።

«መምህር፣ አይቆጡኝና፣ ልጆቹ ዱላውን በዓይናቸው ነው የሚቀበሉት» አለችው።

«በምን ይቀበሉት ታዲያ፣ እትየ?»

«በጆሯቸው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ሞገስ ግን ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና «እኔ እውነቱን ልንገርዎ፣ የማውቀው ኳስ ነው። ያሳዩን» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ዘነበች እዚያው ሜዳ ላይ ትሮጥ ነበር። አሠልጣኟ መምህር ታደሰ የልጃገረዶቹን ዓይን በነጠላ እያሰሩ ዱላ ያቀባብሏቸው ነበር። ከኋላ የምትመጣው «እንቺ!» ብላ ትጮኻለች፤ ከፊት ያለችው ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች። ዘነበች ሦስተኛዋ ሯጭ ነበረች። በዚያ ዓመት የአውራጃውን ዋንጫ ወሰዱ። ከዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነላትም፤ አገባች፣ ወለደች፣ ልጆቿን ለቁም ነገር አበቃች። ሩጫውን ለማንም አውርታ አታውቅም። «ማን ጠየቀኝ?» ትላለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን እያወለቀች ዓይን ማሰር ጀመረች። እመቤት መጀመሪያ፣ ፋሲካ ሁለተኛ፣ ሠናይት ሦስተኛ ሆኑ። ለአራተኛው ቦታ ከሙና የተሻለ አልነበረም፤ ከሁሉም ፈጣን ናት። ግን ሙና ከትምህርት በኋላ እናቷን ሱቅ ስለምታግዝ ልምምድ ላይ አትገኝም። ዘነበች ይህን ስትሰማ ሳቀች። ቀጥታ ወደ ገበያው፣ ወደ ሙና እናት ወደ ጀሚላ የጨርቅ ሱቅ ሄደች።

ጀሚላ ሻሽ እየለካች ነበር። ሁለቱ በየገበያው ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ ድሮው ግን አንሥተው አያውቁም።

«ሙና ከእኛ ጋር እንድትለማመድ ፍቀጅላት» አለች ዘነበች።

ጀሚላ ቀና አለች። «ስለ እኔ ነገርሻት እንዴ?»

«ምኑን እነግራታለሁ? አንች ንገሪያት እንጂ።»

ጀሚላ የአውራጃው ዋንጫ የተገኘ ጊዜ አራተኛዋ ሯጭ ነበረች። ዘነበች «እንቺ!» ብላ ዱላውን ያቀበለቻት ለእሷ ነበር። ሻሹን አጥፋ አስቀመጠችና ፈገግታዋን መያዝ አቃታት።

«ቆይ፣ ከልጄ ኋላ የምትመጣው ማን ናት?»

«ሠናይት ትባላለች፣ የይፋግ ልጅ። ጩኸቷ እንደኔ ነው።»

«እንዳንቺ ከሆነማ ሐሙሲት ድረስ ይሰማል!»

በማግስቱ ጀሚላ ሱቁን ቀደም ብላ ዘግታ ሜዳው ላይ ተገኘች። ዘነበች ዓይኗን በነጠላ አሰረችላትና ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ይሳሳቃሉ። ዘነበች የፕላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች፤ «እንቺ!» ስትል ጀሚላ ረጅም ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ተፈተለከች፤ ሌላው እጇ ወደ ኋላ ተዘረጋ። ዱላው መዳፏ ላይ ጧ ብሎ አረፈ። ሙና አፏን ይዛ ቀረች።

«እማ! አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፤ አሁን እሱን ተይና ተራሽን ያዢ» አለች ጀሚላ እያለከለከች።

የዞኑ ውድድር መጋቢት ላይ እዚያው ደብረ ታቦር ተደረገ። ርዕሰ መምህሩ ለዘነበች አዲስ ቱታ ሰጥቷት ነበር፤ እሷ ግን ከላዩ ነጠላዋን ደርባ መጣች። በከተማው ስታዲየም በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ አያትና «እናቴ፣ ለጽዳት ነው?» አላት።

«አዎ ልጄ፣ የሐሙሲትን ቡድን ጠርጌ ልሄድ ነው የመጣሁ።»

የሐሙሲት ልጃገረዶች ሦስት ዓመት ተከታትለው ያሸነፉ ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን የወንዶቹ ውድድር ነበር። ዘነበች ከሜዳው ዳር ተቀምጣ ስታይ ልቧ ደንገጥ አለ። ሕዝቡ ከበሮና ጥሩንባ ይዞ መጥቷል፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ደግሞ የቀረውን ድምፅ ይዞት ይሄዳል። በዚህ ጩኸት መካከል «እንቺ!» ብትል ማን ይሰማታል? ልጆቹን ሰብስባ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ መለሰቻቸው።

«ጆሮውን ተዉት» አለቻቸው። «ከኋላችሁ በኖራ የምናሰምረውን ምልክት የምትመጣዋ ስትረግጥ ተነሡ። ሰባት እርምጃ ቁጠሩና እጃችሁን ዘርጉ። ዱላው ይመጣል።»

«ባይመጣስ?» አለች ሙና።

«ሠናይት እያለች? ይመጣል።»

እስኪመሽ ሰባት፣ ሰባት እያሉ ሮጡ።

በማግስቱ እመቤት ጥሩ ተነሣች። ፋሲካ ስትቀበል ሦስተኛ ነበሩ፤ ሠናይት ስትቀበል ሁለተኛ። ሠናይት በኩርባው ላይ እየገፋች መጣች፤ ኖራውን ስትረግጥ ሙና ተነሣች። ሠናይት ጮኸች፤ ሙና ምንም አልሰማችም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ እጇን ዘረጋች። ዱላው መዳፏ ውስጥ ገባ። የሐሙሲቷ ልጅ ሁለት እርምጃ ቀድማት ነበር። ሰማንያው ሜትር ላይ ተካከሉ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ሙና ደረቷን ወደ ፊት ወርውራ ቀደመቻት።

ጀሚላ አጥሩን ተሻግራ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ዘነበች አልተነሣችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። በድምፅ ማጉያው «የአሸናፊው ቡድን አሠልጣኝ ወደ መድረክ» ሲባል ሞገስ ክንዷን ይዞ አነሣት።

«እርስዎን እኮ ነው መምህር፣» አለችው።

«ኧረ እርስዎን ነው! ይሂዱ እንጂ!»

ሄደች። ዋንጫውን የሰጧት ኃላፊ ስሟን ጠየቋት፤ የአራቱን ልጆች ስም ነገረቻቸው። ኃላፊው «የእርስዎን ነው» ሲሏት ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

ቡድኑ ወደ ባሕር ዳር ሄዶ በክልሉ ውድድር አራተኛ ወጣ። ሠናይት ብታለቅስ ዘነበች «ዱላው ወደቀ?» አለቻት። «አልወደቀም» አለች ሠናይት። «ታዲያ በፍጥነት በልጠውን ነው፤ ዓመት ደግሞ እንፈጥናለን።»

ዛሬም ዘነበች ጠዋት ጠዋት ክፍሎቹን ታጸዳለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን በደብዳቤ የተረጋገጠች ረዳት አሠልጣኝ ናት። ዘንድሮ ለዱላ ቅብብል ሠላሳ አንድ ልጆች ተመዘገቡ። ወንዶቹም እንድታሠለጥናቸው ጠይቀዋል። እሺ ብላለች፤ ግን ትማረራለች። «ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን ሰባት ድረስ መቁጠር አልቻሉም፣ ስድስት ላይ ይቸኩላሉ» ትላለች፤ ወዲያው ፊሽካዋን ነፍታ ከመነሻው ትመልሳቸዋለች።