የሦስተኛው ሳክስፎን ድርሻ

የእናቴ ወንድም ከሚሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ኤሱማ እለዋለሁ፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም እንደዚያ ነው የሚባለው። ሙያውን የተማርኩት እሱ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው።

የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ሁልጊዜ አንድ ዜማ ያንጎራጉራል። ዜማ ካሉት ነው። ትንሽ ይልና ዝም ይላል፤ ራሱን እየነቀነቀ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሰው የመለሰለት ይመስል ይቀጥላል። አንድ ቦታ ላይ ግን ዝምታው ይረዝማል፤ እግሩም ይቆማል። ያን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጅ ላይ ባጃጅ እየጮኸ፣ ጀርባዬን ይበርደኛል። አንዳንድ ደንበኛ "ጅን ያናግራል" እያለ ጨርቁን ይዞ ሄዷል።

"ኤሱማ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አልኩት አንድ ቀን።

ሳቀ። "ወሬ አይደለም። ወጣት ሳለሁ በወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ ሦስተኛ ሳክስፎን ነበርኩ። ይሄ የአሜሪካኖች የጃዝ ዘፈን ነው። መሪያችን ከሸክላ ሰምቶ ለአምስት ሳክስፎን ጻፈው። ዋናው ዜማ ሌሎቹ ጋ ነው፤ እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ።"

"ሌሎቹስ የት አሉ?"

"እየተጫወቱ ነዋ" አለኝ፣ መርፌው ላይ ክር እያስገባ።

አምና አረፈ፤ አላህ ይርሐመው። ከደሴ ለለቅሶ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የዚያው ኦርኬስትራ ጥሩምባ ነፊ፣ የዘፈኑን ስም ነገሩኝ። በስልኬ ፈልጌ ከፈትኩትና የአጎቴን ድርሻ አብሬ አንጎራጎርኩ። ልክክ አለ። ዝም ይልባቸው የነበሩትን ቦታዎች ሌሎቹ ሳክስፎኖች ሞሏቸው። ረጅሙ ዝምታ ላይ ስደርስ ግን ዘፈኑ ጥሎኝ ሄደ። እዚያ ቦታ ላይ ጭራሽ አይቆምም።

ሽማግሌው ስልኩን ዘጉት።

"እሱ የኛ ነው፤ ሸክላው ላይ የለም" አሉ። "አምስተኛው ሳክስፎን ብቻውን የሚጫወተውን ከራሱ ጨምሮበት ነበር። ግንባር ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። መሪያችን ቦታውን ለሌላ አልሰጥም አለ። ከዚያ በኋላ እዚያ ስንደርስ ሁላችንም ዝም እንላለን።"

"ሰዉ ግራ አይገባውም ነበር?"

ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ። "ሰዉማ ይጨፍር ነበር። እኛ ዝም ብለን ቆመን፣ ወላሂ፣ አንድም ሰው እግሩን አላቆመም።"

አሁን ሱቁ የኔ ነው። ለሰንበቴ ከተማ ገበያ የሚደርስ ሽርጥ ስሰፋ ዜማው ሳላስበው አፌ ላይ ይመጣል። እዚያ ቦታ ስደርስ እንደሱ መጠበቅ አልችልም። ምን እንደምሰማ ስለማላውቅ መኪናውን አጥብቄ እረግጠዋለሁ።