ሩዋንዳ ሰፈር ክፍቱን የቀረው ቦይ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ሩዋንዳ አካባቢ የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ልንቀብር ከአንዲት እማማ የጭቃ ቤት ጥግ ቦይ ቆፈርን። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እኔ ጀማሪው መሐንዲስ ነበርኩ። «ልጄ፣ ክረምት ሳይገባ ትደፍኑታላችሁ አይደል?» አሉኝ እማማ። «አይስጉ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

አለቃችን ሰኞ ሰኞ ቅድሚያ የሚሰጠውን ሥራ መለወጥ ይወዳል። አንዱን ሰኞ «እንግዶች ሊገቡ ነው፤ መቆፈሪያ ማሽኑ ወደ ኤርፖርቱ መንገድ ይሂድ» አለ። በሳምንቱ ደግሞ መገናኛ ሆነ። የእማማ ቦይ እንደተከፈተ ቀረ።

ማሽኑ ቢመለስስ ቱቦው የታለ? ንድፉን የሠራው አንጋፋው ባልደረባችን ነው። ቱቦው ጠባብ ነው፣ ጎርፉን አይችለውም ስለው ጊዜ ነደደው። «እኔ የፈረምኩበት ስዕል አይነካም! አንተ ደብተር ይዘህ ስትሮጥ እኔ ድልድይ እሠራ ነበር!» አለና፣ በእልህ የራሱን ጠባብ ቱቦ እንኳ ከመጋዘን እንዲወጣ አልፈርምም አለ። በግምገማ ጥፋቴን ካላመንኩ ወይ ፍንክች።

ግምገማ ያኔ ሠራተኛው ተሰብስቦ አንዱ የሌላውን ጥፋት የሚዘረዝርበት ስብሰባ ነበር፤ ጥፋትህን ሳትቀበል አትላቀቅም። ችኩል ነው፣ ትልቅ አያከብርም፣ ሥራውን ያጓተተው እሱ ነው ተባልኩ። አለቃዬ ጠጋ ብሎ «ተቀበልና ይለቁህ፤ ሰኞ ማሽኑም ቱቦውም ይሄዳሉ» አለኝ። እማማ ትዝ አሉኝና «ያጓተትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ፈረምኩ።

ሰኞ ማሽኑ እንደገና ወደ ኤርፖርቱ መንገድ ሄደ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራ ሲል የቦዩ ጠርዝ ተናደና የእማማን ቤት እኩሌታ ይዞ ወረደ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ተረፉ። አጣሪዎች ሲመጡ አለቃዬ ቃለ ጉባኤውን አወጣላቸው። አንጋፋው መነጽሩን እየወለወለ «ራሱ አምኗል» አለ። ፊርማው የኔው ነው።

በማግስቱ ሄድኩ። እማማ ጎንበስ ብለው ከጭቃው ውስጥ ድስት ይጎትታሉ። «እማማ፣ እኔ…» እያልኩ ወደ ጠርዙ ተጠጋሁ። ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ» አላሉኝም።

«ከጠርዙ ራቅ ይበሉ ጌታው» አሉኝ፤ «መሬቱ አይታመንም።»