ኢርማ ላካነን ብስክሌት የጀመሩበት የበረዶ ወራት

ኢርማ ላካነንን የማያውቅ ሰው እኛ መንደር የለም። እሳቸውን ባያውቅ እንኳ የደለደሉትን መንገድ ያውቃል። በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሞተር የሚነዱ ሰዎች ባቋቋሙት የበረዶ ሞተር ማኅበራችን ትራክተር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጠው፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር ተነስቶ ጫካውን አቋርጦ አሮጌው የመዳብ ጉድጓድ የሚደርሰውን ሃያ ማይል መንገድ ሲደለድሉ ኖረዋል። እሳቸው ያለፉበት በረዶ የተተኮሰ አንሶላ ነው የሚመስለው። ጎበዞቹ ባለሞተሮች እንኳ መጀመሪያ ሲወጡበት ትንሽ ያፍራሉ፤ እንዳያቆሽሹት።

እኔ መንገዱ ዳር ያለው መጠጥ ቤት ውስጥ ፓስቲ ጋጋሪ ነኝ። ሥጋና ድንች በሊጥ ጠቅልዬ እጋግራለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝም። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ብስክሌት የወደድኩትም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ብስክሌት ላይ የወጣን ሰው ማንም ምንም አይጠይቀውም። የኔ ብስክሌት ጎማዋ የሕፃን ልጅ ወገብ ያህላል። በረዶው ከጠነከረ ላዩ ላይ ትሄዳለች እንጂ አትሰምጥም።

ካልጠነከረ ግን ሌላ ነው። ካቻምና አንድ ቀን ፀሐይ ወጥታ በረዶው ላላ፤ እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ ወጣሁ። በማግስቱ ኢርማ ቦት ጫማቸውን ሳያራግፉ ወጥ ቤት ድረስ ገቡ።

"ያ እባብ የተሳበበት የሚመስለው ቦይ ያንተ ነው?" አሉኝ።

ሊጡን ማሸት ቀጠልኩ።

"እባብ እንኳ በበረዶ ወራት ይተኛል። አንተ ምን ሆነህ ነው የማትተኛው?"

ብለው ወጡ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ትንሽ ቆይቼ ሳቅሁ፣ ብቻዬን ስሆን።

ማኅበሩ አምና ለብስክሌቶች የአንድ የበረዶ ወራት ሙከራ ፈቀደ። ባለሞተሮቹ ግማሹ አኩርፏል። መንገዱን እኛ እንደለድላለን፣ እነሱ ይንሸራሸሩበታል የሚል ነው ነገሩ፤ ሐሰትም አይደለም። ከሁሉ የከፋቸው ግን ኢርማ ነበሩ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር በገዛ እጃቸው ወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው፣ የማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ሙከራው በመጋቢት ስብሰባ ሲያልቅ ብስክሌት የሚባል ነገር በመንገዳችን ላይ እንዳይታይ ይላል። ድምፅ የሚሰጠውም በዚያው ስብሰባ ነው። በእኛ ማኅበር ደንብ አንዴ የተለጠፈ ወረቀት አይነሳም፤ የጻፈው ሰው ራሱ ስብሰባ መካከል ቆሞ አንሱልኝ ካላለ በቀር።

ወረቀቱን ከለጠፉ በኋላ ዳሌያቸው ተቀየረ። የድሮው አጥንት አልቆ ነበርና ሐኪሙ አውጥቶ አዲስ ብረት ገጠመላቸው። ቀዶ ጥገናው ጥሩ ሆነ። ምክሩ ነው መጥፎ የሆነው። በዚህ የበረዶ ወራት ትራክተር የለም፣ የበረዶ ሞተርም የለም፣ የሚያነጥር ነገር ሁሉ የለም አላቸው። ታዲያ ምን አለ ቢሉት፣ ብስክሌት መርገጥ ለዳሌ መድኃኒት ነው አላቸው።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ እኔ ቤት በር ላይ ቆመው ነው። በረዶ ከጣለ ወር አልፎ ነበር። ፊታቸው ሲታይ ወር ሙሉ መስኮት ላይ ተለጥፈው እንደከረሙ ያስታውቃል።

"አንድ ተጨማሪ ብስክሌት አለህ ሲሉ ሰምቻለሁ" አሉ፣ ጫማዬን እያዩ።

እኔም ጫማቸውን እያየሁ፣ "አለኝ፣ እትዬ" አልኩ።

"ማንም አያውቅም። ገባህ?"

ገባኝ። ለማን እናገራለሁ?

የሟች ባላቸውን ዓይን ብቻ የሚያሳይ የሹራብ ጭምብል አጥልቀው፣ እንደ ሌባ ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። ጎማውን እስኪለሰልስ አስተነፈስኩላቸው። በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ጎድጎድ ማለት አለበት፤ ያኔ ነው ቦይ የማያወጣው። የመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ወደቁ፣ አራቱንም በደህናው ጎን፣ እስከ ጆሮአቸው በረዶ ውስጥ። በአራተኛው ሳነሳቸው ጭምብሉ ስር የሆነ ድምፅ ሰማሁና አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። ሲስቁ ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ እንደ ተኮረኮረ ልጅ ይንፈቀፈቃሉ፤ እኔም ያዘኝ፤ ሁለታችንም መነሳት አቃተን።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ሆነ። ባለሞተሮቹ እንቁላላቸውን በልተው እስኪወጡ መንገዱ የኛ ነው። አንድ ቀን ኢርማ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"እነዚህ ወፎች ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ ያሉት?" አሉ፣ ሳያስፈቅዱ የገቡ ይመስል።

ሌላ ቀን ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ወርደው በረዶውን በእጃቸው ዳበሱ። "ሃያ ስድስት ዓመት ይሄ ቦታ ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር" አሉ። እንደ ጣራ ቆርቆሮ ተሸብሽቧል። በሞተር አይታወቅም፤ ብስክሌት ላይ ግን እያንዳንዷ ሽብሽብ ጥርስ ድረስ ትሰማለች። በጣም ተናደዱ። የተናደዱትም በራሳቸው ስለሆነ የሚጮኹበት ሰው አጡ፤ ደግነቱ እኔ ነበርኩ።

ስብሰባው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ማለዳ ሳቅ አዘገየን። ቢቨር የሚባለው ውሃ ገዳቢ እንስሳ የሠራው ኩሬ ጋ ያለው ኩርባ ላይ ስንደርስ የሞተር ድምፅ መጣ። እኔ እንደ ወጉ ወደ ቀኝ ወርጄ ጉልበቴ ድረስ በረዶ ውስጥ ቆምኩ። ስድስት ሞተሮች ናቸው። ከፊት ያለው የማኅበሩ ሊቀመንበር ዋልፍሬድ ነው፤ ከኢርማ ጋር አንድ ክፍል የተማረ። አምስት ጣቱን አነሳ።

ይህ የባለሞተሮች ልማድ ነው። ኩርባ ላይ ስትገናኝ ከኋላህ ስንት እንዳለ በጣት ትናገራለህ። የመጨረሻው ሰው ደግሞ ጡጫውን ጨብጦ ያነሳል፣ ከኋላዬ ማንም የለም ለማለት። ብስክሌተኛ ይህን አያደርግም። እኛ ቆመን ማሳለፍ ብቻ ነው የምናውቀው።

ከኔ ኋላ የነበሩት ኢርማ ጡጫቸውን ጨብጠው ቀጥ አድርገው አነሱ።

ዋልፍሬድ አለፈ። ከዚያ ፍሬን ያዘ። ስድስቱም ያዙ፣ ሞተሮቹንም አጠፉ። ዋልፍሬድ ወርዶ የራስ ቁሩን አወለቀና ጭምብሉን ትክ ብሎ አየው።

"ደህና አደርክ ወንድሜ" አለ። "ላገሩ እንግዳ ነህ?"

ኢርማ አዎ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምልክታችንን ማን አስተማረህ?"

ኢርማ በጣታቸው እኔን አሳዩ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ይሄ?" አለ ዋልፍሬድ። "ይሄ ሰው ጨው አቀብለኝ ስትለው ሦስት ቀን የሚያስብ ነው። እሺ ይሁን። ወንድሜ፣ መንደር ስትገባ ኢርማ የምትባል ሴት ካገኘህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ትራክተሩን እኔ ከያዝኩት ወዲህ መንገዱ ካንቺ ጊዜ ይልቅ አምሮበታል በላት።"

ጭምብሉ ከውስጥ ሲነፋና ሲጎድል ይታየኛል።

"አምሮበታል?" አሉ ኢርማ። "ይሄ ኩርባ የበግ አንጀት መስሎ? በሰዓት ዘጠኝ ማይል እየነዳህ እንዴት ይስተካከል? ስንት ዓመት ነገርኩህ፣ ሰባት ነው! ሰባት!"

ከኋላ ያሉት አምስቱ የራስ ቁራቸውን እንዳጠለቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ዋልፍሬድ ግን ፊቱ እንደ ዲያቆን ነው።

"አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሰባት" አለና ሞተሩን አስነሳ።

ኢርማ ብስክሌቱን ደገፍ ብለው ቆዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። ወረቀቱን ቆሜ ካነሳሁ ኢርማ ቃሏን ዋጠች ይሉኛል፣ ሃያ ስድስት ዓመት የጻፍኩትን በልቼ አላውቅም አሉ። ካላነሳሁት ደግሞ፣ አሉና ጫካውን አዩ። ካላነሱት መንገዱ ይዘጋል፤ ለኔም፣ ለሳቸውም። ሐኪሙ እንደሆነ ሌላ ነገር አልፈቀደላቸውም። ቀሪው የበረዶ ወራት ከመስኮት ኋላ ነው ማለት ነው።

ዋልፍሬድ ለማንም አልተናገርኩም ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። አምስቱ ግን አፍ አላቸው።

ስብሰባው እሑድ ከቀትር በኋላ መጠጥ ቤቱ ጓሮ ባለው አዳራሽ ሆነ። እኔ ፓስቲ ይዤ ገባሁና ትሪውን እንደ ጋሻ ይዤ በሩ ጋ ቀረሁ። ሃያ አራት አባላት ናቸው። ማንም ኢርማን አያይም፤ ሁሉም ግን እያየ ነው። ዋልፍሬድ ወረቀቱን አነበበና የጻፈችው ሰው ታነሳዋለች ወይ ብሎ ጠየቀ።

"አላነሳም" አሉ ኢርማ።

የምትናገሪው አለ? አላቸው። የሚባለው ሁሉ ተጽፏል አሉ።

"እንግዲያስ የምትደግፉ እጅ አውጡ።"

አንድ እጅ ወጣ። የኢርማ ነው። ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ በትምህርት ቤት መልሱን ብቻዋን እንደምታውቅ ልጅ። ሌላ ማንም አላነሳም። ዋልፍሬድ ሆን ብሎ ረጅም ጊዜ ጠበቀ፤ እሳቸው እጃቸውን አላወረዱም።

"የምትቃወሙ?"

አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። ኤልመር የሚባለው አናጢ ሁለቱንም አነሳ፤ አንዱ ላይ የተገመጠ ፓስቲ አለ።

"ሃያ ሦስት ለአንድ። ወድቋል" አለ ዋልፍሬድ።

"ደግመህ ቁጠር" አሉ ኢርማ። "ኤልመር ሁለት ነው ያነሳው።"

ደግሞ ቆጠረ። ያው ሃያ ሦስት። ኢርማ እጃቸውን አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ "እንግዲህ ተሸነፍኩ። ማኅበር ከወሰነ ምን አደርጋለሁ" አሉ። አፋቸው ያዘነ ይመስላል፤ ጉንጫቸው ግን እምቢ ብሎ ወደ ላይ ይሸሻል። መጀመሪያ የፈነዳው ኤልመር ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፤ ጠረጴዛ የሚደበድብ አለ፣ ዓይኑን የሚጠርግ አለ። እኔ ትሪውን እንደያዝኩ ግድግዳውን ተደግፌ ሳቅሁ፤ ሰው ፊት እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ሳቁ ሳይበርድ ኢርማ ተነሱ። ብስክሌት መኖሩ ካልቀረ ሥርዓት ይኑረው ብለው ዋልፍሬድን እስክሪብቶ አስያዙት። ጎማው በአውራ ጣት ይፈተን፤ ቦት ጫማ ከሰመጠ ማንም አይውጣ፤ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑር፤ ሞተር ሲመጣ ወደ ቀኝ ወርዶ መቆም። ባለሞተሩም ቆሞ ያለ ሰው ሲያይ ቀስ ይበል፣ ፊቱ ላይ በረዶ አይርጭበት። ጻፍ አሉት፤ ጻፈ።

ዘንድሮ ሐኪሙ ሞተር ፈቅዶላቸዋል። ማክሰኞና ዓርብ ትራክተሩ ላይ ናቸው፣ በሰባት ማይል። በሌሎቹ ቀናት ብስክሌት ይዘው ይወጣሉ፤ መንሸራሸር ግን አይደለም፣ የደለደልኩት ጠንክሮ እንደሆነ ፍተሻ ነው ይላሉ። ያለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ፈተሹ። በሦስተኛው ረጅሙን ቁልቁለት ፍሬን ሳይነኩ ሲለቁት ከኋላ ነበርኩ፤ ጩኸታቸውን የሰማ አጋዘን መንገድ ለቆ ሲሮጥ አይቻለሁ።